ለእናቴ ላሞች ሐኪም ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

አዲስ አበባ መሀል ላይ ላም የሚያረባ ሰው እየቀነሰ መሆኑን አውቃለሁ። ያላችሁ ግን ይህን አንብቡት። የሌላችሁ ደግሞ ላም ላለው ዘመድ አሳልፉት። ለአንዲት የእንስሳት ሐኪም ምስጋና ነው፤ እግረ መንገዴንም ልጠቁማችሁ ነው።

እናቴ ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ ባለው ግቢያችን የፈረንጅ ዲቃላ ላሞች አሏት። ወተቱን ጎረቤት ይወስዳል፤ ፒያሳ ያለ አንድ ካፌም ይረከባታል። በቅርቡ ሻሼ የምትባለው ላሟ ወተት በጣም ቀነሰ። ጊደሯም መብላቱን ትበላለች፣ ግን አታድግም፤ ፀጉሯም ሻካራ ሆነ። እንዲህ ሲሆን መቼም ሰው ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ አብሽ ይላል፣ አንዱ ጥቁር አዝሙድ፣ ሌላው የሽፈራው ቅጠል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ "ወተት በሳምንት እጥፍ የሚያደርግ የዕፅዋት ጭማቂ" የሚሸጥ አለ። ዋጋውን ሳየው እኔ ራሴ ደነገጥኩ።

እናቴ ጠርሙሱን ለመግዛት ቆርጣ ነበር። በዚህ መሀል ነው ጎረቤታችን ይህችን ዶክተር የጠቆመችን። ዶክተሯ ራሷ የመኖ ቅመም አዘጋጅታ ትሸጣለች። ስለዚህ መጥታ ከቦርሳዋ ዱቄት ታወጣለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እሷ ግን ሰላምታ እንዳቀረበች በቀጥታ መኖ ወደተቀመጠበት ጥግ ሄደች። የኑግ ፋጉሎውን በእጇ ፈርፍራ አሸተተችው።

"እትዬ፣ ይሄ ሻግቷል። ከዚህ በኋላ ለሻሼ እንዳይሰጧት።"

እናቴ ትንሽ ተከራከረች፤ ፋጉሎ ተወዷላ! ዶክተሯም ቁጭ ብላ አስረዳቻት። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣል። ላሟ ስትበላው ከመርዙ የተወሰነው ወደ ወተት ያልፋል። ማፍላት አያጠፋውም። ነገሩ የእኛ ግቢ ብቻ ችግር አይደለም። ከዓመታት በፊት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ በተሰበሰበ ወተትና መኖ ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። ይህ መርዝ በብዛት ተገኝቷል፤ በተለይ ደግሞ በኑግ ፋጉሎ ላይ። ያንን ወተት የሚጠጡት ሕፃናት ናቸው። እናቴ ከዚያ በኋላ አልተከራከረችም።

ቀጥሎ ውሃ ጠየቀች። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ላሞቹም የሚጠጡት ጠዋትና ማታ በባልዲ ነበር። ወተት 87 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። የምትታለብ የፈረንጅ ላም በቀን 60 ሊትርና ከዚያም በላይ ትጠጣለች። "በርሜል ግዙና ፊቷ ላይ ሙሉ ይሁን" አለች። የጠርሙሱ ገንዘብ በርሜል ገዛ።

ከዚያ የሻሼን ጡት መረመረች። አራት ጉድጓድ ያለው ትንሽ ሳህን አላት። ከእያንዳንዱ ጡት ትንሽ ትንሽ ታልብበትና ፈሳሽ ትጨምርበታለች። ሦስቱ ምንም አልሆኑም። አንዱ ንፍጥ መሰለ። በዓይን የማይታይ የጡት በሽታ ነው፤ ላሟ ሳታብጥ፣ ሳታማርር ወተቷን ይቀንሳል። ጡቷ ውስጥ የሚገባ መድኃኒት ተሰጣት። የመድኃኒቱ ዕቃ ላይ ወተት አይወሰድባቸውም ተብለው የተጻፉት ቀናት እስኪያልፉ ወተቷን አትሸጡም፣ አትጠጡም ተባልን። ከጤነኞቹ ሦስት ጡቶች የሚወጣውንም ጭምር። እናቴ ወተት ሲደፋ ማየት ነፍሷ አይችልም፤ የዶክተሯን ቃል ግን አላፈረሰችም።

የጊደሯ ነገር ቀላል ሆኖ ተገኘ። እበቷ ተመረመረ፤ ትል ነው። ሰው ኮሶና እንቆቆ ስጧት ሲለን ከርሟል። ዶክተሯ ኮሶን አልናቀችም፣ ግን መጠኑ ካለፈ ራሱ መርዝ ስለሆነ በግምት እንዳንሰጥ ነገረችን። በክብደቷ ልክ የትል መድኃኒት ሰጠቻት።

ታዲያ ዕፅዋቱስ? መጨረሻ ላይ እኔው ጠየቅኳት። ውሸት ነው አላለችም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ከብት እንዲያድግ ተብሎ ብቻ አንቲባዮቲክ መኖ ውስጥ መጨመርን ከከለከለ ወዲህ ዓለም ወደ ዕፅዋት ፊቱን አዙሯል። ህንዶች ለሚታለቡ ላሞች ሻታቫሪ የሚባል ሥር ይጠቀማሉ። የእኛ አብሽም ለወተት በብዙ አገር የተሞከረ ነው። ጣጣው መጠኑ ላይ ነው። ላም ጭድ የምትፈጨው በትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ በሚኖሩ ጥቃቅን ህዋሳት ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ የመሳሰለው ሲበዛ እነሱኑ ይጎዳል፤ ላሟም መብላት ታቆማለች። "ሽንኩርትና ዘይት ሳይኖር በኮረሪማ ብቻ ወጥ ይሠራል?" ብላ ሳቀች። መጀመሪያ ድርቆሹ፣ ፉርሽካው፣ አሞሌው ይሟላ ነው ነገሩ። ለእያንዳንዱ 2 ሊትር ተኩል ወተት 1 ኪሎ ያህል ድብልቅ መኖ እንድንሰጥም አሰላችልን።

ከዚያ በኋላ ነው አብሽ የፈቀደችው። ተፈጭቶ፣ አድሮ፣ ከፉርሽካ ጋር ተለውሶ፣ ከትንሽ ተጀምሮ። ከሷም እንድንገዛ አልፈለገችም፤ "መርካቶ ቅመም ተራ በርካሽ ታገኙታላችሁ" አለችን። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቀች፦ የሚሰጠው ከታለበች በኋላ እንጂ በፊት አይደለም። ታናሽ ወንድሜ አንድ ጠዋት ረስቶ ቀድሞ ሰጣት። የካፌው ሰውዬ ወዲያው ደወለ። "ማኪያቶው አብሽ አብሽ ይላል!"

አሁን ሻሼ ወደ ቀድሞ ወተቷ ተመልሳለች፤ ጊደሯም ሥጋ ይዛለች። አብሹ ነው ወይ ብዬ ዶክተሯን ጠየቅኳት። "መኖውም፣ ውሃውም፣ ጡቷም አንድ ላይ ነው የተስተካከለው፤ የቱ እንደሠራ በምን አውቃለሁ?" አለችኝ። ቅመም የምትሸጥ ሰው እንዲህ ስትመልስ የሰማሁት የመጀመሪያዬ ነው። ዶክተርዬ፣ እናቴም እኔም እናመሰግንሻለን። እጅሽ ይባረክ።

ጉድለቷን ልደብቅ አልችልም፤ ሰዓት አታከብርም። ጠዋት እመጣለሁ ካለች ምሳ ሰዓት ጠብቋት። ክፍያዋን ግን ከመምጣቷ በፊት ትናገራለች፣ በኋላም አትጨምርም።

ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትደውሉላት ላሟ መቼ እንደወለደች፣ አሁን ስንት ሊትር እንደምትታለብና ምን እንደምትበላ አዘጋጅታችሁ ይሁን። ያንን ሳታውቅ ስለ ቅመም አታወራም።