ዋተርማስተር ክላሲክ 5፦ ለደለል ጠረጋ ኮንትራክተር ያዋጣል?

የፊንላንዱ ኩባንያ አኳሜክ የሚሠራው ይህ ደለል ማውጫ ማሽን (ድሬጀር) ትልቁ ጥቅሙ ሥራ አለመምረጡ ነው። ባልዲ ሲገጠምለት ይቆፍራል፤ ሬክ (ባለ ጥርስ መሰብሰቢያ) ሲገጠምለት እንቦጭ ይሰበስባል፤ መቁረጫ ያለው ፓምፕ ሲገጠምለት ደለሉን ከውሃ ጋር ቀላቅሎ እስከ 1.5 ኪሎ ሜትር ይገፋል። ለአንድ ሥራ ብቻ የሚሆን ድሬጀር የገዛ ድርጅት ውሉ ሲያልቅ ማሽኑን አቁሞ የባንክ ወለድ ይከፍላል። በዚህኛው ግን ከመስኖ ቦይ ወደ ሐይቅ ዳር፣ ከዚያም ወደ ወንዝ እየተዛወሩ መሥራት ይቻላል። ድርጅት የሚያድገውም በዚህ ነው።

በሎቤድ (ከባድ ማሽን በሚጭን ዝቅ ያለ ተጎታች) ተጭኖ ይሄዳል፤ ከዳር ውሃ ውስጥ ለመግባት ክሬን አይጠይቅም። በአራት እግሮቹ ቆሞ ስለሚሠራ መልሕቅና ገመድ የለውም። ከደረቅ መሬት ጀምሮ እስከ 6 ሜትር ገደማ ጥልቀት ይደርሳል። ስለዚህ የጥልቅ ግድብ ደለል ለማውጣት ወይም አለት ለመስበር ያሰበ ሰው ሌላ ይፈልግ።

ለእኛ ደጋ አንድ የማይወራለት ብልጫ አለው። ፓምፑ ያለው ክንዱ ጫፍ ላይ፣ ውሃው ውስጥ ነው። ፓምፑ ጀልባው ላይ የተቀመጠ ድሬጀር የሚስበው በአየር ግፊት ነው፤ ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል የመሳብ አቅሙ ከባሕር ዳርቻው በ2 ሜትር ያህል ይቀንሳል። ዋተርማስተር ይህ ችግር አይነካውም።

ገንዘቡ የሚፈሰው ቧንቧው ላይ ነው። በሰዓት 600 ሜትር ኩብ ቅልቅል በ250 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ሲያልፍ ፍጥነቱ በሰከንድ 3.4 ሜትር ይሆናል፤ አሸዋ እንዳይተኛ ይህ ይበቃል። ቧንቧውን ወደ 350 ሚሊ ሜትር ያሳደገ ሰው ግን ፍጥነቱን ከ2 ሜትር በታች ያወርደዋል፤ አሸዋውም መታጠፊያው ላይ ይቀራል። ማሽኑ ከመቆሙ በፊት መቁረጫውን ከደለሉ አንስቶ ንጹህ ውሃ መሳብ ግድ ነው። 800 ሜትር ቧንቧ ለመታጠብ 4 ደቂቃ ይበቃዋል፤ 10 ደቂቃ ቢሰጡት ይሻላል። ለምሳ ብሎ ሳያጥብ ሞተር ያጠፋ ኦፕሬተር ከሰዓቱን ቧንቧ ሲፈታ ይውላል።

ከቅልቅሉ 15 በመቶው ደለል ከሆነ በሰዓት 90 ሜትር ኩብ ይወጣል። ዋጋ ሲሞላ ግን በቀን 8 ሰዓት አይታሰብ፤ ቧንቧ ማዛወር፣ ነዳጅና ጽዳት ሲቀነስ ፓምፑ በእርግጥ የሚገፋው 5 ሰዓት ያህል ነው። ያ 450 ሜትር ኩብ ነው፤ ባለ 16 ሜትር ኩብ ገልባጭ ቢሆን 28 ምልልስ። ክፍያው በገልባጭ ቆጠራ ከሆነ ግን ጭቅጭቅ አይቀርም፤ የወጣ ጭቃ ውሃ ስለሚይዝ ይነፋል። ከሥራው በፊትና በኋላ የወለሉ ጥልቀት በየ10 ሜትሩ ይለካ፤ ሁለቱ ወገኖችም የመጀመሪያውን ልኬት ፈርመው ይያዙ።

እንደ አቃቂ ያለ የከተማ ወንዝ ላይ ፓምፑን ወዲያው ማስገባት ጥፋት ነው። ፌስታል፣ ጨርቅና ሽቦ መቁረጫው ላይ ይጠመጠማሉ። መጀመሪያ በሬክና በባልዲ ቆሻሻው ይውጣ፤ ፓምፕ ከዚያ። የፋብሪካ ፍሳሽ የገባበት ጭቃ ደግሞ ሳይመረመር እርሻ ላይ አይደፋም፤ ኮንትራክተሩ ማስወገጃ ቦታውን ውል ሳይፈርም ይወቅ። የሚደፋበት ገንዳ ከቧንቧው አፍ በተቃራኒ ጫፍ መውጫ ይኑረው፤ አለበለዚያ ደለሉ ሳይረጋ ከውሃው ጋር ተመልሶ ወንዝ ይገባል።

አሸዋ የፓምፑን ኢምፔለር (ቅልቅሉን የሚገፋውን ተሽከርካሪ ክፍል) እና የውስጥ ሽፋኑን ይበላል። ሁለት ሁለት ተቀያሪ ከማሽኑ ጋር በአንድ ኤልሲ (በባንክ በኩል የሚከፈት የማስመጫ ክፍያ ሰነድ) ይግቡ፤ ለብቻቸው ሲታዘዙ የማስመጣቱ ሂደት በጋውን ሙሉ ሊበላው ይችላል።