የነከሰ የጀልባ ሞተር፦ ያው ይታደስ፣ ሌላ ይገባ ወይስ ከኋላ ይንጠልጠል?

ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ከሚታዩት ጀልባዎች አብዛኞቹ ሞተራቸውን ከኋላ አንጠልጥለው የሚሄዱ (አውትቦርድ) ናቸው። ጥቂቶቹ ግን ስተርንድራይቭ የሚባሉት ናቸው፤ ሞተሩ ከውስጥ ይቀመጣል፣ እግሩ (ፕሮፔለሩን የሚያዞረው የማርሽ ክፍል) ብቻ የኋላውን ግድግዳ በስቶ ውሃ ውስጥ ይገባል። የእነዚህ ሞተር ሲነክስ፣ ማለትም ውስጡ ተጣብቆ አልዞር ሲል፣ ባለቤቱ ቶሎ የሚጠይቀው «ሞተር የት ይገኛል?» ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ግን እግሩና ግድግዳው ናቸው። ሁለቱ ጤነኛ ከሆኑ አንድ ዓይነት ወጪ ያዋጣል፤ አንዳቸው ከተበላሹ ደግሞ የተሻለው ሞተር እንኳ ቢገባ ገንዘቡ ይባክናል።

በእርግጥ ነክሷል?

ቁልፍ ሲዞር «ቀጭ» ብሎ ዝም ያለ ሞተር ሁሉ የነከሰ አይደለም። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ሞተሪኖውን ይፍቱ፤ ጥርሱ ፍላይዊሉ (ከሞተሩ ጀርባ ያለው ባለጥርስ ከባድ ክብ ብረት) ላይ ተሰክቶ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ እግሩን ያውርዱ። መርክሩዘር አልፋ በተባለው የስተርንድራይቭ እግር ላይ የሚፈታው 6 ዳዶ ነው። እግሩ ወርዶ ሞተሩ ከዞረ የተያዘው ማርሹ ነው፣ ሞተሩን አይንኩት። አሁንም ካልዞረ ካንዴላዎቹን ሁሉ ያውጡ። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ከገባ ፒስተኑ ሊጨምቀው ስለማይችል ሞተሩ የነከሰ መስሎ ይቆማል፤ ካንዴላው ሲወጣ ውሃው ይፈናጠርና ይዞራል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልተነቃነቀ፣ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ለእኩል ቀላቅለው በየሲሊንደሩ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ያፍስሱ። አሴቶን በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ የሞተሩ ክፍል ክፍት ይሁን፣ ሲጋራም ሆነ ብየዳ አይጠጋ። በየቀኑ ትንሽ እየጨመሩ ከ3 እስከ 7 ቀን ይጠብቁ። ከዚያ ረጅም ብረት ፍላይዊሉ ጥርስ ላይ አሳርፈው ወደፊትና ወደኋላ ቀስ እያሉ ያንቀሳቅሱ። በሞተሪኖ ለማስለቀቅ መሞከር የተጣበቀ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይሰብራል፣ ቢየላ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኝ ክንድ) ያጣምማል፤ ሊታደስ የሚችለው ሞተር በዚያች ቅጽበት ቁርጥራጭ ብረት ይሆናል።

ዘይቱ ወተት መስሎ ከወጣ ውሃው የገባበትን ሳያገኙ ምንም አይግዙ። ብዙ ጊዜ መግቢያው የጭስ ማኒፎልዱ (ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበው ቱቦ) እና ከላዩ ያለው ክርን (የታጠፈው ቱቦ) ነው። በዚህ ዓይነት ሞተር ማኒፎልዱ በውሃ የተከበበ ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ሲያልቅ ወይም ብረቱ ሲሰነጠቅ ሞተሩ በቆመበት ውሃው በጭስ ቫልቩ በኩል ወደ ሲሊንደር ይንጠባጠባል። አሮጌውን ማኒፎልድ ሳይፈትሹ አዲስ ሞተር ላይ መግጠም አዲሱንም በዚያው መንገድ መግደል ነው። የሐዋሳ ውሃ ጨው አልባ በመሆኑ ማኒፎልድ እንደ ባሕር ዳርቻ ከተሞች ቶሎ አይበላም፤ ግን ዕድሜው የገፋ ብረት በግፊት መፈተን አለበት።

የራስዎን ሞተር ማሳደስ

እግሩ ጤነኛ፣ ብሎኩም ያልተሰነጠቀ ከሆነ እኛ የምንመርጠው ይህን ነው። በአሮጌ ጀልባዎች ላይ በብዛት የሚገኘው ባለ 4 ሲሊንደሩ 3.0 ሊትር ሞተር (በሽፋኑ ላይ «140» ተብሎ የተጻፈው) የጄኔራል ሞተርስ ብሎክ ነው፤ አሠራሩ ቀላል ነው። ሲሊንደሩ 101.6 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ክራንክሻፍቱ በ5 ቦታ ይቀመጣል፤ ካምሻፍቱ በሰንሰለት ፈንታ በጥርስ ይነዳል። ጥሩ ቶርኖ ቤት የማይችለው ሥራ የለበትም።

የሥራው ቅደም ተከተል ገንዘብ ያድናል። መጀመሪያ ብሎኩና ቴስታታው በግፊት ለስንጥቅ ይፈተሹ። ካለፉ ብቻ ሲሊንደሩ ይለካ፤ ዝገት ጉድጓድ ከቆፈረበት በ0.75 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ፒስተን የሚታዘዘው ከዚህ ልኬት በኋላ ነው። አስቀድመው ያስመጡ ሰዎች ሲሊንደሩ ተጨማሪ ማስፋት ሲፈልግ ፒስተኑ መደርደሪያ ላይ ይቀርባቸዋል። የሚታዘዘው 4 ፒስተን ከነፋሻው፣ የክራንክሻፍትና የቢየላ ብሮንዚን፣ የዘይት ፓምፕ እና ሙሉ የጓርኒሲዮን ስብስብ ነው። ጓርኒሲዮኑ የጀልባ ይሁን፤ የመኪናው የቴስታታ ጓርኒሲዮን የሐይቅ ውሃ ሳይቋረጥ ሲያልፍበት ዝጎ ይበሳል። በብሎኩ ጎን ያሉት ክብ መድፈኛዎችም የነሐስ ይሁኑ፣ የብረቶቹ ከውስጥ ይበላሉ። አሮጌው ካምሻፍት የሚመለስ ከሆነ እያንዳንዱ ታፔት ወደ ነበረበት ቀዳዳ ይግባ፤ ከተቀላቀሉ ካምሻፍቱን ይላጩታል።

የዚህ ምርጫ ድክመት ጊዜ ነው። ክፍሉ ከውጭ እስኪመጣ ጀልባው ሳምንታት ይቆማል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን በዶላር የተነገረ ዋጋ ክፍሉ እስኪደርስ በብር ሊለወጥ ይችላል፤ ስምምነቱ በየትኛው ገንዘብ እንደሆነ በጽሑፍ ይያዝ።

ያገለገለ የጀልባ ሞተር

ፈጣኑ መንገድ ነው፤ አደጋው ደግሞ እኛ አገር በማይታወቅ ነገር ይመጣል። ሐዋሳ ላይ ውሃ ብሎክ ውስጥ በረዶ ሆኖ ብረት አይሰነጥቅም። ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ የመጣ ሞተር ግን በአንድ የበረዶ ወቅት ውሃው ሳይፈስለት ቆሞ ሊሆን ይችላል፣ ስንጥቁም ብዙ ጊዜ ከማኒፎልዱ በታች በብሎኩ ጎን ይገኛል። እዚያ ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ቀለም፣ ሙጫ ወይም የብየዳ ምልክት ካዩ ይተዉት።

ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ በሲሊንደር ውስጥ የሚፈጥረው ግፊት) ሲለካ ከፍታውን ያስቡ። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ነው፤ በባሕር ዳርቻ 150 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚያሳይ ጤነኛ ሲሊንደር እዚህ ከ120 ጥቂት ከፍ ቢል ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የሚያሳስበው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ ጎልቶ ዝቅ ካለ ያ ሞተር ገና ሳይገባ እድሳት ይፈልጋል። ሞተሩ ተነስቶ እንዲያዩት ይጠይቁ፤ ውሃ በቱቦ ካልቀረበለት ግን አይነሳ፣ የውሃ ፓምፑ ጎማ በደረቁ በሰከንዶች ይቃጠላል።

የሲሊንደር ቁጥር መቀየርም ወጪ ይጎትታል። በአልፋ እግር ውስጥ ያለው የማርሽ ምጣኔ ለ4 ሲሊንደር ወደ 2፣ ለ6 ሲሊንደር 1.8 አካባቢ፣ ለ8 ሲሊንደር 1.5 አካባቢ ነው። 3.0 አውጥቶ 4.3 ሊትር ያስገባ ሰው ያለማርሽ ለውጥ ትክክለኛ ዙር አያገኝም፤ 100 ኪሎ የሚጠጋ ተጨማሪ ክብደትም ጀልባውን ወደኋላ ያዘቀዝቀዋል።

የመኪና ሞተር

«የአባዱላ ሞተር ርካሽ ነው፣ እሱን እንግጠም» የሚል ሐሳብ በየጋራዡ ይነሳል። የብሎኩ ጀርባ ከጀልባው ፍላይዊል ቤት ጋር አይገጥምም፤ መካከለኛ ሳህን፣ ልዩ መጋጠሚያ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ማኒፎልድ ሁሉ ተሠርቶ መምጣት አለበት። ቁጠባውም እዚያው ያልቃል።

ከሶማሌ ተራ የተገኘ ተመሳሳይ የጄኔራል ሞተርስ ብሎክ ቢሆን እንኳ ሊገባ የሚችለው እርቃኑን ብቻ ነው። ሞተሪኖው፣ ዲናሞው፣ ዲስትሪቢዩተሩ፣ ካርቡሬተሩና የቤንዚን ፓምፑ የጀልባ መሆን አለባቸው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በጀልባው ሆድ ይጠራቀማል፤ የመኪና ሞተሪኖ የሚረጨው ብልጭታ ይበቃዋል። መኪና ላይ ትነቱ ከታች በንፋስ ይወሰዳል፣ ጀልባ ግን የተዘጋ ገንዳ ነው። ሰው ጭኖ ጉማሬ ለማሳየት የሚወጣ ጀልባ ላይ ይህን መዝለል በሰው ሕይወት መቀለድ ነው። ትክክለኛዎቹ ክፍሎች ቢገጠሙም ከማስነሳት በፊት የአየር ማውጫው ፋን ቢያንስ 4 ደቂቃ ይሥራ።

ወደ አውትቦርድ መቀየር

እግሩ ከተበላ፣ ወይም ኦኤምሲ የተባለው ኩባንያ ይሠራው የነበረው ኮብራ ከሆነ፣ ምርጫው ወደዚህ ያደላል። ኦኤምሲ እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ከስሯል፤ ለእግሩ ክፍል መፈለግ በየዓመቱ እየከበደ ይሄዳል። የ3.0 ሊትሩ ሞተር ከነእግሩ 290 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለአራት ምት አውትቦርድ ከ165 እስከ 180 ኪሎ ነው። የሞተሩ ቦታ ባዶ ይሆናል፣ የቤንዚን ሞተርም ከተሳፋሪ እግር ሥር ይወጣል፣ ጥገናውንም አብዛኛው የሐይቁ መካኒክ ለምዶታል።

ግን ሙሉ ክብደቱና ግፊቱ በኋላ ግድግዳው ላይ ያርፋል፣ የአሮጌ ፋይበር ጀልባ ግድግዳ ደግሞ ውስጡ እንጨት ነው። በመዶሻ ጫፍ ይምቱት፤ ደረቅና ጠንካራ ድምፅ ጥሩ ነው፣ የታፈነ ድምፅ መበስበስ ነው። ለማረጋገጥ ከውስጥ በኩል ከታች 4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱ፤ የሚወጣው ብናኝ ደረቅና ነጣ ያለ ካልሆነ፣ እርጥብና ጥቁር ከሆነ፣ ግድግዳው ሳይታደስ ምንም አይሰቀልበት። የእግሩ ትልቅ ቀዳዳም በአዲስ እንጨትና ፋይበር በንብርብር ይደፈናል። ሲሰቀል ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው አግድም ሳህን ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሁን፤ የሞተሩን የአንገት ርዝመት ሳይለኩ መግዛት ብዙ ሰው የሚቆጭበት ስህተት ነው።

ከፍታው ሁሉንም ይነካል

በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚቀንስ 140 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ 116 አካባቢ ይሆናል፣ አውትቦርዱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ቤንዚን ስለሚበዛበት ካንዴላው ይጠቁራል፤ አነስ ያለ ጄት (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ክፍል) ይፈልጋል። 3.0 ሊትሩ ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው ከ4,400 እስከ 4,800 ዙር ካልደረሰ ፕሮፔለሩ ከብዶታል። ፒቹ (ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄድበት ርቀት) በ1 ኢንች ሲቀንስ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል። ውሃም እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ የሙቀት መለኪያው መውጣት እንደጀመረ ሞተሩን ያጥፉ።

ሞተር ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚቀረው ትልቁ ሥራ ከእግሩ ጋር ማስተካከል ነው። ማስተካከያ ዘንጉ (ልኩን ለመፈተሽ የሚገባው ብረት) ግራሶ ተቀብቶ በጊምባል ኩሽኔታው (በኋላ ግድግዳው ላይ የእግሩ ዘንግ የሚያልፍበት ኩሽኔታ) በኩል ሲገባ በሁለት ጣት ግፊት መጋጠሚያው ውስጥ መንሸራተት አለበት፤ ካስቸገረ የፊት የሞተር መቀመጫዎቹ ከፍ ወይም ዝቅ ይበሉ። በመዶሻ የገባ እግር የመጋጠሚያውን ጥርስ ይልጠዋል፣ ያኔ ሞተሩ እንደገና ይወጣል። እግሩ ወርዶ ሳለ ጊምባል ኩሽኔታውን በጣት ያዙሩት፤ ከተንገጫገጨ ከነጎማ እጥፋቶቹ አብረው ይቀይሩ።

የታደሰው ሞተር ዘይት ከመጀመሪያዎቹ 20 ሰዓታት በኋላ ከነፊልትሮው ይለወጣል። 3.0 ሊትሩ 4 ሊትር ገደማ ይወስዳል። የወጣው ዘይት በጀሪካን ታሽጎ ወደ ጋራዥ ይሂድ፤ ሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ ስለሌለው የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል።