ሆትስዋፕ ወይስ የሚበየድ ቦርድ?

ሜካኒካል ኪቦርድ ራሱ ገጣጥሞ መሥራት ለሚጀምር ሰው ከስዊቹ (ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ካለው ማብሪያ) በፊት የሚመረጠው ቦርዱ፣ ማለትም ስዊቾቹ የሚገጠሙበት የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ነው።

ሆትስዋፕ ላይ ስዊቹ ይሰካል፣ ይነቀላል፤ ብየዳ የለም። ጣጣው የስዊቹ የብረት እግሮች ላይ ነው፦ ትንሽ ከጎበጡ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገቡ ይታጠፋሉ፣ ቁልፉም አይሠራም። ከመሰካትዎ በፊት በወረንጦ ያቅኗቸው፤ ሲጫኑም ሶኬቱን ከጀርባ በጣት ይደግፉት፣ አለዚያ ከቦርዱ ሊገነጠል ይችላል። ቦርዱ ባለ 3 እግር ስዊች ብቻ የሚቀበል ከሆነ፣ የባለ 5 እግሩን ሁለት ቀጫጭን የፕላስቲክ እግሮች በጥፍር መቁረጫ መከርከም ነው።

የሚበየደው ትዕግሥት ይፈልጋል። ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ 122 ብየዳ አለው። መጀመሪያ ባዶውን ቦርድ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው የእያንዳንዱን ቁልፍ ሁለት ቀዳዳ በወረንጦ በማገናኘት ይፈትሹ። ከዚያ መበየጃውን 350 ዲግሪ አካባቢ አድርገው እግሩንና ፓዱን (ቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ብረት) አብረው ያሙቁ፣ ሊዱን (ቀልጦ የሚያጣብቀውን የብየዳ ሽቦ) ያስነኩ። ስዊች መቀየር ካማርዎ ግን የሁሉንም ሊድ አቅልጦ በፓምፕ መምጠጥ ነው፤ ሙቀት ከበዛበት ፓዱ ይነሳል። ትርፉ የቁልፎች አደራደር ነፃነት ነው፤ ባክስፔሱን ለሁለት መክፈል ለምሳሌ።

የሚወደውን ስዊች ገና ላልለየ ሰው ሆትስዋፑ ይሻላል። ስታቢላይዘሩን (እንደ ስፔስ ባር ያሉ ረጃጅም ቁልፎች እንዳይወላገዱ የሚይዘውን) ግን በሁለቱም ላይ ስዊች ከመግባቱ በፊት ቅባት ይቀቡት፤ ደረቅ ከሆነ ስፔስ ባሩ ይንኳኳል።