ከማያሚ ወደ ባሃማስ፦ ስለ መርከብ መኝታ ክፍል ምርጫ

ከማያሚ ወደ ባሃማስ በተጓዝንበት የመዝናኛ መርከብ የያዝነው መኝታ ክፍል ከመርከቧ ወገብ ላይ፣ ከታችኛዎቹ ደርቦች በአንዱ የሚገኝ ነበር። መርከብ በማዕበል ጊዜ እንደ ሚዛን ጫፍና ጫፉ ከፍና ዝቅ ሲል መካከሉ እምብዛም ስለማይነቃነቅ፣ የሰሜን ነፋስ ከገልፍ ስትሪም የባሕር ጅረት ጋር ተጋጥሞ ማዕበሉን ባስነሣበት ሌሊት እንኳ ባለቤቴ ያለ መድኃኒት ተኝታ አድራለች። መስኮት የሌለው መሆኑም ቅር አላሰኘንም። ጫጫታን የሚወስነው ግን የክፍሉ አጎራባች ነው፤ ከእኛ በላይም በታችም መኝታ ክፍሎች ብቻ ስለነበሩ ጸጥታው እጅግ ያስመሰግናል። ከመዋኛ ገንዳው ሥር ያረፉ ወዳጆቻችንን ግን ገና ሳይነጋ የሚጎተት ወንበር ይቀሰቅሳቸው ነበር፤ ከፊት ጫፍ ያሉትን ደግሞ ወደብ ሲደረስ መርከቧን ወደ ጎን የሚገፉት ሞተሮች ከነአልጋቸው ያንቀጠቅጧቸዋል። የክፍሉን ቁጥር ድርጅቱ ራሱ የሚመድብበትን ርካሽ ትኬት፣ ባሕር ለሚያጥወለውለው ሰው በፍጹም አልመክርም።