«ዘ ፎክስ ኢን ዘ ፎረስት»፦ አሥረኛው ዙር የሚያከስርበት የካርታ ጨዋታ

በሐዋሳ በየሰፈሩ ልጆች ካርታ ይዘው ሲቀመጡ ብዙውን ጊዜ የሚጫወቱት ክሬዚ ነው፤ በእጁ ያለውን ቶሎ ጥሎ የጨረሰ ያሸንፋል፣ ዕድል ያልቀናው ደግሞ እየሳበ ይቆያል። «ዘ ፎክስ ኢን ዘ ፎረስት» የተባለው ጨዋታ ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። ያዘጋጀው ጆሹዋ ቡርገል ሲሆን ፎክስትሮት ጌምስ እና ሬኔጌድ ጌም ስቱዲዮስ በ2017 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል፤ ለሁለት ሰው የተሠራ፣ ከአሥር ዓመት ጀምሮ ላሉ ተጫዋቾች የታሰበና በግማሽ ሰዓት ገደማ የሚያልቅ ነው። የጄኒፈር ሜየር ሥዕሎች ጫካውን፣ ቀበሮውን፣ ንጉሡንና እንጨት ቆራጩን በለሰለሰ ቀለም ያሳያሉ፤ ሣጥኑን ብቻ ያየ ሰው የተረት ልብስ የለበሰ ተራ ካርታ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ሲጫወቱት ግን ተረቱ ይበልጥ የሚገኘው በነጥብ አቆጣጠሩ ውስጥ ነው፤ ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

አካሄዱን በአጭሩ ልግለጽ። ካርታዎቹ 33 ናቸው፤ ደወል፣ ቁልፍና ጨረቃ በሚባሉ ሦስት ዓይነቶች ተከፍለው እያንዳንዱ ዓይነት ከ1 እስከ 11 ተቆጥሯል። ለሁለቱ ተጫዋቾች 13፣ 13 ይታደላል፤ ከሚተርፉት 7 ካርታዎች የላይኛው ተገልጦ የአዋጅ ካርታ ይሆናል፣ የእርሱ ዓይነትም የዚያ እደላ ገዢ ነው። ጀማሪው አንድ ካርታ ሲጥል ሌላው ያንኑ ዓይነት ከያዘ የመከተል ግዴታ አለበት፤ ካልያዘ የፈለገውን ይጥላል። ገዢ ከተጣለ ትልቁ ገዢ፣ ካልተጣለም ከተጀመረው ዓይነት ትልቁ ዙሩን ይወስዳል። እንዲህ እየተባለ 13 ዙር ይሄዳል።

ዋናው ነገር የሚመጣው ዙሮቹ አልቀው ቆጠራ ሲጀመር ነው። ከ7 እስከ 9 ዙር የወሰደ 6 ነጥብ ያገኛል። 4 የወሰደ 1፣ 5 የወሰደ 2፣ 6 የወሰደ ደግሞ 3 ነጥብ ብቻ ይደርሰዋል። ከ3 ያልበለጠ የወሰደው ግን፣ አንድም ዙር ያላገኘ ቢሆን እንኳ፣ እንደ ትሑት ተቆጥሮ 6 ነጥብ ይሰጠዋል፤ 10 እና ከዚያ በላይ የሰበሰበው ደግሞ እንደ ስስታም ተቆጥሮ ከዙሮቹ ምንም አያገኝም። ዙሮቹ 13 ብቻ በመሆናቸው የአንዱ ድርሻ በጨመረ ቁጥር የሌላው ይቀንሳል። ስለዚህ አንዱ 9፣ ሌላው 4 ዙር ይዘው ቢጨርሱ ውጤቱ 6 ለ1 ይሆናል፤ መሪው አንዲት ዙር ብቻ ቢጨምር ግን 10 ለ3 ይሆንና ነጥቡ ወደ 0 ለ6 ይገለበጣል። በአምስት ነጥብ ሲመራ የነበረው ሰው በአንዲት ካርታ በስድስት ነጥብ ወደ ኋላ ይቀራል ማለት ነው። ጨዋታው የሚያበቃው አንዱ 21 ሲደርስ በመሆኑ ይህ እጅግ ከባድ ኪሳራ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ብሂላችን በቁጥር ተሰልቶ ቢቀመጥ ከዚህ የተሻለ የሚገልጸው ሰንጠረዥ የሚገኝ አይመስለኝም።

ከተጋጣሚ አንጻር ሲታይ ደግሞ ሥርዓቱ ይበልጥ ያስደንቃል። ደካማ ካርታ የታደለው ልጅ ገና ሲጀምር የተሸነፈ አይሆንም፤ ሆን ብሎ ዝቅ ማለትን መርጦ ትልልቆቹን ዙሮች ለባላጋራው ያሸክመዋል። ባላጋራው ይህን የጠረጠረ እንደሆነ አካሄዱን ለውጦ አራተኛውን ዙር በግድ ሊያስወስደው ይሞክራል፣ ምክንያቱም በ3 እና በ4 ዙር መካከል ያለው ልዩነት የ6 እና የ1 ነጥብ ልዩነት ነው። በመጨረሻዎቹ ዙሮች ሁለቱም ላለማሸነፍ የሚታገሉበት ጊዜ ይመጣል፤ ያኔ ትንንሽ ካርታዎቹን ቀደም ብሎ የጨረሰ ሰው ሳይፈልግ ያሸንፋል። ክሬዚ የለመደ ልጅ ይህን ለመቀበል ጊዜ ይፈጅበታል። ከተቀበለው በኋላ ግን 2 ቁጥርን እንደ ውድ ነገር ይዞ ሲያቆይ ማየት ያስደስታል።

በእኛ ተረቶች አያ ጅቦ ሆዱን መቆጣጠር አቅቶት ሲጠፋ፣ ጦጣ በብልሃቷ ስታመልጥ ሰምተን ያደግን ሰዎች ይህን ሥርዓት ለመረዳት ማብራሪያ አያሻንም። ተስፋዬ ሣህሉን፣ አባባ ተስፋዬን፣ በቴሌቪዥን እየተመለከተ ያደገ ትውልድ ዛሬ ራሱ ወላጅ ሆኗል፤ ለልጆቹ ተረት የሚነግርበት ምሽት ግን እያነሰ መጥቷል። ይህ ጨዋታ ተረት ነጋሪን ይተካል ማለቴ አይደለም። ስስት የሚያስከትለውን ጥፋት ልጁ በራሱ እጅ ፈጽሞ እንዲያየው ያደርጋል፤ ይህን አንድ የካርታ ጥቅል ሲያደርገው በማየቴ ለጨዋታው ያለኝ አክብሮት ከፍ ብሏል።

ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ካርታዎች በሙሉ ልዩ ኃይል አላቸው። 1 ቁጥር ስዋን የተባለችው ነጭ ወፍ ናት፤ ስዋንን ጥሎ ዙሩን የተሸነፈ ሰው የሚቀጥለውን ዙር ይጀምራል። መሸነፍ መብት የሚያስገኝበት በመሆኑ ከሁሉ ይልቅ የምወደው ካርታ ይህ ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ስዋን የለም፤ የእህቴ ልጅ ሥዕሉን ሲያይ መጀመሪያ ያሰበው በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ በአሞራ ገደል፣ የዓሣ ትራፊ የሚጠብቁትን አባ ኮዳ የተባሉ ትልልቅ ወፎች ነበር። 3 ቁጥር ቀበሮው ነው፤ የጣለው ተጫዋች ከፈለገ በእጁ ካሉት ካርታዎች አንዱን ከአዋጁ ካርታ ጋር ይለውጣል፣ ስለዚህም ደወል ሲገዛ ቆይቶ በድንገት ጨረቃ ሊነግሥ ይችላል። ገዢ ካርታ ሰብስቦ ተዝናንቶ የተቀመጠ ሰው በቀበሮው ሁሉንም ሊያጣ ይችላል። 5 ቁጥር እንጨት ቆራጩ፣ ሳይታደሉ ተደፍተው ከተቀመጡት ካርታዎች አንዱን አንሥቶ የፈለጉትን አንዱን ከሥር ለመመለስ ያስችላል፤ ይህም ከሚመስለው በላይ ይጠቅማል። አንድ ተጫዋች የሚያየው የራሱን 13 እና የአዋጁን አንድ ካርታ ነው፤ ከቀሩት 19 ካርታዎች 13ቱ በባላጋራው እጅ፣ 6ቱ በተደፉት ውስጥ ናቸውና፣ የትኛው ከጨዋታ ውጪ እንደሆነ ማወቅ ትልቅ ሀብት ነው። 7 ቁጥር ውድ ዕቃ ነው፤ ዙሩን ለወሰደው አንድ ነጥብ ይጨምራል። 9 ቁጥር ጠንቋይዋ፣ በዙሩ ውስጥ ሌላ 9 ካልተጣለ እንደ ገዢ ትቆጠራለች። 11 ቁጥር ንጉሡ ዙር ሲያስጀምር ባላጋራው ከዚያው ዓይነት ትልቁን ካርታውን ወይም ስዋንን ለመጣል ይገደዳል፤ ይህ ካርታ ሰው የደበቀውን ጉልበት ስለሚያስወጣ በጥንቃቄ ጊዜውን መጠበቅ ያስፈልጋል።

ጥቂት ነገሮች በእኛ ቤት ውይይት አስነሥተዋል። በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ካርታ ሲባል ቁማር ይታሰባል፤ እናቴም መጀመሪያ ስታየው ፊቷ አልፈታም ነበር። ገንዘብ የሚወራረዱበት አለመሆኑን ከተመለከተች በኋላ ግን ከጎን ተቀምጣ የልጆቹን ነጥብ መከታተል ጀምራለች። ጠንቋይ የሚባል ካርታ መኖሩ አሁንም ደስ አይላትም፤ እኔም ስሜቷን አከብራለሁ፣ በቤታችንም ያን ካርታ «ዘጠኟ» ብቻ እንለዋለን። የካርታዎቹ ጽሑፍ እንግሊዝኛ ቢሆንም ጽሑፍ ያለባቸው ጎዶሎዎቹ ብቻ ስለሆኑ፣ ስድስቱን ኃይሎች በአማርኛ በአንድ ወረቀት ጽፎ ጠረጴዛው ላይ ማኖር ይበቃል፤ ልጆቹ ቶሎ በቃላቸው ይይዙታል።

ከባዱ ጉድለት ለሁለት ሰው ብቻ የተሠራ መሆኑ ነው። እሑድ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ ቤተሰቡ ሁሉ ሲሰበሰብ ሁለት ሰዎች ብቻ ሲጫወቱ ሌላው ተመልካች መሆኑ ያሳዝናል። እኛ መፍትሔ ያደረግነው አንድ ትልቅ ሰውና አንድ ልጅ አንድ እጅ ካርታ በጋራ እንዲይዙ ነው፤ ሁለቱ በሹክሹክታ ሲመካከሩ ልጁ ትልቁ ሰው እንዴት እንደሚያስብ ይማራል፣ ትልቁም ልጁ ያስተዋለውን እየሰማ ይገረማል። ይህ በመመሪያው ውስጥ የለም፣ ጨዋታውን ግን አያበላሸውም። ከአሥር ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ብቻውን እንዲይዝ አልመክርም፤ ካርታውን መጣሉ አይከብደውም፣ መቼ መተው እንዳለበት መገመቱ ግን ያደክመዋል። ዕድል ብቻ እንዲወስን የሚፈልጉ ሰዎችም አይወዱትም፤ ልክ እንደ ገበጣ አስቀድሞ መቁጠርን ይጠይቃል።

ሣጥኑ ትንሽ ስለሆነ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ጥግ ሊይዘው ይችላል፤ የእኛም በዚሁ መንገድ ነው የደረሰን። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው መዝናኛ፣ ወደ ፍቅር ሐይቅ፣ ይዞት ለሚወጣ ሰው ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ የተደፉትን ካርታዎች እንዳይገልጥ ከላያቸው ክብደት ያለው ነገር እንዲያኖር እመክራለሁ፤ ከተገለጡ እደላው እንደገና መጀመር አለበት። ዓሣ በእጅ ከተበላ በኋላ ደግሞ በሳሙና ሳይታጠቡ ካርታውን መንካት አይገባም፤ ቅባት የነካው ካርታ ከጀርባው ስለሚታወቅ ምሥጢሩ ሁሉ ይጠፋል።