ከጠረጴዛው ጀርባ ላሉት ሁለት ሠራተኞች ምስጋና አለኝ

የኮምፕሬሰሬ የምርመራ ምስክር ወረቀት ዛሬ እጄ ገባ። ሦስት ወር የተንከራተትኩበት ጉዳይ በዘጠኝ ቀን አለቀ።

ጎማ ጠጋኝ ነኝ። የኮምፕሬሰሩን የአየር ታንክ አስመርምር ስባል መጀመሪያ የሄድኩት ከተማ ወዳሉ የምርመራ ድርጅቶች ነበር። ስማቸው ይቅር። «ነገ ና» ይሉኛል፤ ነገ ስሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። በስንት ልመና የመጣው ባለሙያ፣ ታንኩ አየር ይዟል ብሎ ሳይነካው ተመለሰ፤ የመጓጓዣውን ግን አስከፈለኝ። ባዶ መሆን እንዳለበት ማን ነግሮኝ? ሌላኛው ደግሞ ገና ከበር ሆኖ «አርጅቷል፣ አዲስ ልሽጥልህ» አለኝ።

ይህ አነስተኛ የምርመራ ድርጅት እዚህ ገጠር ቢሮ መክፈቱን ስሰማም ተስፋ አላደረግኩም። አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ሴቶች። ታናሺቱ የድሮውን ወረቀቴንና ታንኩ ላይ የተለጠፈውን የመለያ ሰሌዳ ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጣ ትንሽ ዝም አለች።

«ጋሼ፣ ይህ ወረቀት የእርስዎ ታንክ አይደለም።»

የመለያ ቁጥሩ መጨረሻ ሰሌዳው ላይ 8፣ ወረቀቱ ላይ 3 ነው። አራት ዓመት ሙሉ የሌላ ታንክ ወረቀት ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬ ኖሬአለሁ! ስንት ባለሙያ ያላየውን ይህች ልጅ ከወንበሯ ሳትነሣ አየችው።

ታላቂቱን «እናንተስ ትሸጣላችሁ?» አልኳት፤ ተቆጥቼ ነበር። ሳቀች። ገለልተኛ መርማሪ የሚመረምረውን ዕቃ እንዳይሸጥና እንዳይጠግን አይኤስኦ/አይኢሲ 17020 የሚባል መመዘኛ እንደሚከለክል አስረዳችኝ። በዋዜማው ደውላ «ጋሼ፣ አየሩን አስወጡት? ከመብራቱ ነቀሉት?» ያለችኝም እሷ ናት። የእነሱ ባለሙያ መጥቶ ታንኩን ውሃ ሞላው፣ ቆርቆሮውን በሆነ መሣሪያ ለካው፤ ምን እንደለካ አልገባኝም።

ወረቀቱን ስቀበል ታናሺቱ «ከሥሩ ያለችውን ቧንቧ በየቀኑ ከፍተው ውስጡ የሚጠራቀመውን ውሃ ያፍስሱ፤ ከውስጥ የሚያዝገው እሱ ነው» አለችኝ። ወጣት ሳለሁ የሠራሁበት ቤት ታንክ ከውስጥ ዝጎ ፈንድቶ የጓደኛዬን አንድ ጆሮ አደንቁሮታል። ያን ጊዜ ይህን የነገረን ሰው አልነበረም።

ታንክ ያላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ እዚህ ቢሮ ሂዱ። ለጠየቀኝ መንገዱን አሳያለሁ። የሰሌዳውን ፎቶ ግን አትርሱ፤ ልጅቷ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።