ምራቂ ብለው እምቦጭ ላኩልኝ

ለትንሿ ኩሬዬ የውሃ አበባ ያዘዝኩት በኦንላይን ተክል ከሚሸጥ ድርጅት ነው። አስተሻሸጋቸው እንከን አይወጣለትም። ሥሩ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አንድ ቅጠል ሳይሰበር ደረሰኝ።

ችግሩ ምራቂው ነው። በሌላ ላስቲክ አንድ ተንሳፋፊ ተክል ጨምረውልኛል። ወረቀቱ ላይ «ቶሎ ይባዛል፣ እንክብካቤ አይፈልግም፣ ተባይ አይነካውም» ይላል። የቅጠሉ ዘንግ አብጧል። ስሰነጥቀው ውስጡ ነጭ፣ አየር የሞላው ስፖንጅ ነው። ከጎኑ በቀጭን ሐረግ የተያያዘ ሌላ ትንሽ ተክል ወልዷል። ስሙ አልተጻፈበትም እንጂ እምቦጭ ነው።

ወረቀቱ አልዋሸም። የሚያናድደኝም ይሄው ነው። ለገዢ እንደ ሙገሳ የተደረደሩት ሦስቱም ነገሮች አንድን ተክል ወራሪ የሚያደርጉት ናቸው። የእምቦጭ መነሻ አማዞን ነው። እዚያ ቅጠሉንና ዘንጉን የሚበሉ ጢንዚዛዎች ልክ ያስይዙታል። ወደ ሌላ ውሃ ሲወሰድ ግን ጠላቶቹ እዚያው ይቀራሉ። ማዳበሪያና ፍሳሽ የገባበት ውሃ ካገኘማ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ውሃውን ሲሸፍነው ብርሃን ወደ ታች አይዘልቅም፣ ኦክስጅን ያንሳል፣ ዓሣው ይታፈናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ስለሚችል ዛሬ ነቅለው ቢጨርሱት እንኳ ተመልሶ ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ጀልባ መተላለፊያ አሳጥቶ ነበር። እነዚያኑ የደቡብ አሜሪካ ጢንዚዛዎች አምጥተው ለቀቁበት። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መሸጡን ከልክሏል።

ከሌላ አካባቢ የመጣ ተክል ሁሉ ወራሪ ነው እያልኩ አይደለም። አብዛኛው ያለ ሰው እጅ አይዘልቅም። ይሄኛው ግን ይዘልቃል።

ጽፌላቸው ነበር። «ደንበኞቻችን ይወዱታል» አሉኝ። እውነት ነው፣ ሐምራዊ አበባው ያምራል። ዓለምን ያዳረሰውም አንድም በዚህ ነው፤ ሰው ለአበባው ብሎ ተሸክሞት።

ከአምስት ሁለት ሰጥቻለሁ። እያንዳንዱ ተክል ላይ ሳይንሳዊ ስሙን ጽፈው ይህን ምራቂ ካቆሙ እጨምራለሁ። የደረሳችሁ ካላችሁ እባካችሁ ወንዝም ቦይም ውስጥ እንዳትጥሉት። ከውሃ ርቆ ፀሐይ ላይ ክው ብሎ ይድረቅ። አበባ ካወጣ ዘር ሳይጥል ቁረጡት። ኩሬ ውስጥ ከትታችሁት ከነበረም ደጋግማችሁ እዩ፤ ከሐረጉ ቁራጭ ብትቀር እንደገና ትነሳለች።